የውሃው ልክ፣ የደሙ ልክ

አባቴ ስንሻው የጣናን ከፍታ
ያነብ ነበር ሁሌ፣ ጧትና ማታ።
ከወደቡ አለፍ ብሎ፣ ደንገል ከሚያልቅበት፣
አንድ ብረት ቆሟል ቁጥር ያለበት።
እዚያ ቁልቁል ወርዶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣
እንቦጩን በዱላ ከብረቱ ላይ ስቦ፣
ውሃው የነካትን መስመር ያያታል፤
በመንግሥት መዝገብ ላይ፣ ቀን ሰጥቶ፣ ያሰፍራታል።

ያ መዝገብ የሁሉ ነው። ዓሣ አስጋሪው ያየዋል፣
የጀልባው ካፒቴን «ዛሬስ?» ብሎ ይጠይቀዋል፣
ግድብ የሚያጠናው መሐንዲስ ይቀዳዋል።
«ጣና አያፍርም» ይል ነበር፣ «ልኩ ቢታወቅበት፤
ሲጎድልም ሲሞላም ይነገርበት።»

ሌላ ደብተር ነበረው።
ባለ ሃምሳ ሉክ፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለው፣
ኢንሱሊኑ ከሚቀዘቅዝበት ገንቦ ጥግ፣ በጨርቅ የጠቀለለው።
ጣቱን ወግቶ ጧት ጧት፣ ለስትሪፗ አጥብቶ፣
መለኪያዋ እስክትጮኽ ትንፋሹን ገትቶ፣
እዚያም ይጽፍ ነበር፦ መቶ ሰማንያ። ሁለት መቶ ዐርባ።
ሥልሳ ሁለት፣ ላብ በላብ፣ እጁ እየተርበተበተ።
ከቁጥሩ ጎን፣ ዳሩ ላይ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፦
«የወንድሜ ተዝካር። ጠላ ጠጣሁ። እምቢ ማለት አልሆነልኝም።»
«ጾም ገባ። መርፌውን ቀነስሁ። ለቄሱ አልነገርሁም።»
«እግሬን ድንጋይ ቆረጠኝ፤ አልተሰማኝም።»

«ለሰው እንዳታወሪ፤ ‹ስኳር ያዘው› ካሉኝ
በቁሜ ድንኳን ጥለው ነው የሚያለቅሱልኝ።»
ሐይቁን ለአገር ከፍቶ ደሙን ግን ደበቀ።
በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣
ደብተሩ ሳያልቅ እሱ አለቀ።

ትናንት ባንቺአምላክ መጣች፣ ላፕቶፕ በጀርባዋ አዝላ፤
ደብተሩን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ እንደ አራስ ልጅ ገላ።
«የምናክመው» አለች፣ «በሌላ አገር ደም ልክ ነው፤
ሁዳዴ የጾመ ደም የት ነው የተጻፈው?
ይህ ይከፈት። ተማሪውም ሐኪሙም፣ የፈለገ ሁሉ ያንብበው።
ስሙን እናጠፋለን፤ በስሙ ፈንታ ቁጥር ነው።»

ከዚያ ጣቷን ባዶ ገጽ ላይ አሳረፈች፤
«ይህ ሁለት ወርስ?» ብላ ጠየቀች።
ስትሪፕ ከመድኃኒት ቤት የጠፋበት፣
ሲገኝም ዋጋው ከደመወዙ የበለጠበት
ክረምት ነው። ጣና ሞልቶ መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር።
አባቴ የሐይቁን አንድ ቀን አልዘለለም፤
የራሱን ዘለለ።
«ባዶውም ይግባ» አልኋት፤ «እሱም ልክ ነው።»

ሌሊቱን አልተኛሁም።
አደራ በልቼ ይሆን? በአርባው ሳይሆን በሰባት ዓመቱ
ከሣጥን አውጥቼ ላዙረው፣ ሲታሽ ሊኖር ምስጢር ቤቱ?
ግን ስሜን ያወጣው ማን ሆነና፤ እሱ ነው፦ ይታይሽ።
ሰው ልጁን ይታይሽ ብሎ፣
ያየችውን ዋጪ ይላታል?
ይላታል። ብሎኛልም።
ሁለቱንም ያለኝ አንድ አፍ ነው፤ የቱን ልስማ?

ጎህ ሲቀድ ወደ ብረቱ ወረድሁ። አዲስ ልጅ ቀጥረዋል፤
በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ ይልካል፣ ይሄዳል።
ይብራዎቹ ቆመው ያዩታል።
ውሃው ከትናንት በጣት ጎድሎ ነበር፤
አላፈረም።

ፈረምሁ።
ስንሻው ተፍቆ «ሁለት መቶ ሰባት» ሆነ፤
ቢያየው ይስቅ ነበር፣
የአንድ ክፉ ጧት ስኳሩን ይመስላል።
ኮፒ ማሽኑ ላይ የገዛ ማስመሪያውን አጋድሜ
ዳር ዳሩን ሸፈንሁት፤ ተዝካሩን፣ ጠላውን፣ ጾሙን፣
የሰው አይደሉምና።
አንዷን ብቻ ለቀቅኋት፦
«እግሬን ድንጋይ ቆረጠኝ፤ አልተሰማኝም።»
ይህችን ያንብቧት።
ጫማውን አውልቆ እግሩን የሚያይ አይጠፋም።